በኮምፒውተር ቅርጫት ኳስ ሪባውንድ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

«ጋሼ፣ የሊጉን አንደኛ ሪባውንድ ሰብሳቢ ገዛሁ፤ የቡድኔ ሪባውንድ ግን ፈቀቅ አላለም። ይህ ኮምፒውተር ያጭበረብራል እንዴ?»

ኮምፒውተሩ አያጭበረብርም። (ሪባውንድ ማለት ቅርጫቱን ስቶ የነጠረን ኳስ መያዝ ነው።) ይህንኑ መልስ በየሳምንቱ መስጠት ቢሰለቸኝ ነው ለመጻፍ የተቀመጥኩት። ቱሉ ዲምቱ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ ኮንዶሚኒየም ሕንፃ ሥር የኮምፒውተርና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው ሲጠፋ የሰፈሩ ልጆች ይሰበሰባሉ፤ ከኮዬ ፈጬ በባጃጅ የሚመጡም አሉ። የምንጫወተው ባስኬትቦል ጂ ኤም የሚባለውን ነው።

ለማያውቀው ሰው ያህል፣ በዚህ ጨዋታ ተጫዋች በጣት አይዘወርም። እናንተ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ናችሁ፤ ተጫዋች ትገዛላችሁ፣ ትለዋወጣላችሁ፣ ደመወዝ ትደራደራላችሁ፣ ከወጣቶች መካከል ትመርጣላችሁ። ግጥሚያውን ኮምፒውተሩ ራሱ በቁጥር አጫውቶ ውጤቱን በጽሑፍና በሰንጠረዥ ያቀርባል። ነጻ ነው፤ በብራውዘር ይከፈታል፤ አንዴ ከተከፈተ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራውን አያቆምም። ኔትወርክ እንደ እንግዳ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአንድ ፋይል ብዙ ቡድን የማስተዳደር አማራጭ ስላለው ልጆቹ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተራ እየጠበቁ እያንዳንዱ የየራሱን ቡድን ይመራል። ጭቅጭቁም የሚነሳው ከዚሁ ነው።

ጉልበትና ዝላይ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ

እያንዳንዱ ተጫዋች ከ0 እስከ 100 የሚለኩ 15 የችሎታ ነጥቦች አሉት፤ ቁመት፣ ጉልበት፣ ፍጥነት፣ ዝላይ፣ ጽናት፣ ማቀበል፣ የማጥቃት ማስተዋል፣ የመከላከል ማስተዋል፣ ሪባውንድ እያለ ይቀጥላል። ጀማሪው ሪባውንድ ፍለጋ ሲወጣ በመጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ዝላይ ላይ ነው፤ ቀጥሎ ጉልበት ላይ። ምክንያቱ ይገባኛል። ሜዳ ላይ ከሰው ሁሉ በላይ ተወርውሮ ኳሱን በሁለት እጁ የሚነጥቀው ተጫዋች ልብ ይሰርቃል።

ጨዋታው ግን በዚህ ልብ አይሰላም። ሪባውንድ የማግኘት ዕድል የሚወሰነው ከስድስት ነጥቦች በሚቀመር አንድ ጥምር ነጥብ ነው፤ የእያንዳንዳቸው ክብደትም ይህ ነው፦ ቁመት 2፣ ሪባውንድ 2፣ የማጥቃት ማስተዋል 0.5፣ የመከላከል ማስተዋል 0.5፣ ጉልበት 0.1፣ ዝላይ 0.1። የጨዋታው ኮድ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ይህ ምሥጢር አይደለም። ድምሩ 5.2 ነው። ከዚያ ውስጥ ጉልበትና ዝላይ ተደምረው የያዙት ከመቶ 4 እንኳ አይሞላም።

ከኮዬ ፈጬ የሚመጣ አንድ ልጅ አለ፤ ዝላይ 90 ያለፈ ተጫዋች ካየ እንቅልፍ የለውም። አንድ ቅዳሜ ከወጣቶች የመምረጥ የመጀመሪያ ዙር ዕድሉን አሳልፎ ሰጥቶ ዝላዩ 95፣ ጉልበቱ 90 የሆነ ተጫዋች አመጣ። ቁመቱ 50፣ ሪባውንዱ 50፣ ሁለቱም ማስተዋሎቹ 40 ናቸው። ወረቀት አውጥቼ አብረን አሰላነው። ጥምር ነጥቡ 50 አልሞላም። በዚያው ገበያ ላይ ማንም ዞር ብሎ ያላየው፣ ቁመቱ 60፣ ሪባውንዱ 70፣ የቀረው ሁሉ 50 የሆነ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ የእርሱ ከ61 በላይ ወጣ። ልጁ ወረቀቱን ደጋግሞ አየና «ታዲያ ዝላይ ለምን ተጻፈ?» አለኝ። ዝላይ ለማገድና ለደንክ (ኳሱን ከላይ ቅርጫቱ ውስጥ ለመክተት) ይጠቅማል፤ ጉልበትም ከቅርጫቱ ሥር ለማጥቃትና ለመከላከል ይጠቅማል። ለሪባውንድ ግን ዝላይን ከ50 ወደ 95 ብታሳድጉት ጥምር ነጥቡ ላይ የሚጨመረው ከአንድ ያንሳል። ሪባውንድ የሚለውን ነጥብ በ3 ብቻ ብታሳድጉት ጭማሪው ከዚያ ይበልጣል።

ልጁ አሁንም ዘላይ ይገዛል። ቢያንስ ለምን እንደሚገዛ ያውቃል።

ቁመት ብቻ አይቶ መጨረስ

ይህኛው ቀለል ያለ ጥፋት ነው፤ ቁመት እውነትም ትልቅ ክብደት አለውና። ችግሩ ሪባውንድ የሚለው ነጥብ እኩል ክብደት እንዳለው መዘንጋቱ ነው። ቁመቱ 80 ሆኖ ሪባውንዱ 40 የሆነ ሰውና ሁለቱም 60 የሆኑለት ሰው በዚህ ቀመር አንድ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ገበያ ላይ ብዙውን ጊዜ አንድ አይደለም፤ ረጅሙ ይወደዳል።

ይህ ከእውነተኛው የአሜሪካ ሊግ፣ ከኤን ቢ ኤ ጋርም ይስማማል። ከጎረቤታችን ከደቡብ ሱዳን የወጣው ማኑቴ ቦል 2 ሜትር ከ31 ነበር፤ በኤን ቢ ኤ ዘመኑ በአማካይ በጨዋታ ያገኘው 4.2 ሪባውንድ ነው። ዴኒስ ሮድማን 2 ሜትር ከ1 ብቻ ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1991-92 እስከ 1997-98 ድረስ ሰባት የውድድር ዘመን በተከታታይ የሊጉ አንደኛ ነበር። ቻርልስ ባርክሊም 2 ሜትር ሳይሞላ በ1986-87 በ14.6 አማካይ ሊጉን መርቷል። (ቦል የተሰለፈው በአማካይ ለ19 ደቂቃ ያህል ነበር፤ ስለዚህ 4.2ን ብቻ ይዞ መሳቅ ራሱን የቻለ ሌላ ስህተት ነው። ወደ እርሱ እመጣለሁ።)

ሪባውንድ ሰብሳቢ መደርደር

አሁን የመጣሁት ወደ ዋናው ነው። ከላይ የጠቀስኩት ጥያቄ የሚመነጨውም ከዚህ ነው። ትዕግሥቴን የሚጨርሰውም ይኸው ነው።

ልጁ አንድ ጥሩ ሪባውንድ ሰብሳቢ አለው። 14 ሪባውንድ በጨዋታ። ደስ ይለዋል። ከዚያ ያስባል፤ አንዱ 14 ካመጣ ሁለቱ 28፣ ሦስቱ 42 ያመጣሉ። ኳስ ተኳሹን ይሸጣል፣ አቀባዩን ይሸጣል፣ ሦስት ረጃጅም ሰዎች ጎን ለጎን ያሰልፋል። ሁለት ወር በጨዋታው ዘመን ይሮጣል። ከዚያም «ጋሼ፣ ይህ ኮምፒውተር...» ይመጣል።

የኔ ልጅ፣ ስማኝ። ገበታ ላይ እጅ ስለበዛ እንጀራው አይበዛም። አንድ ኳስ ሲስት የሚገኘው አንድ ሪባውንድ ነው። ጨዋታው ያቺን አንድ ሪባውንድ ለመስጠት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ይጠይቃል፤ ሁሉም ሰው የሚያደባልቀው እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ኳሱን የሚያገኘው የትኛው ቡድን ነው? ከመቶ 15 ያህሉ የሳተ ኳስ ማንም ሳይዘው ከጨዋታ ውጭ ይሆናል። ከቀረው ውስጥ መነሻው ለተከላካዩ ቡድን ከመቶ 75፣ ለአጥቂው 25 ነው። ይህን ምጣኔ የሚነቀንቀው የተጫዋቾቻችሁ የሪባውንድ ነጥብ ድምር አይደለም፤ ከስማቸው ጎን የሪባውንድ መለያ ፊደል የሚያስገኝላቸው፣ ጨዋታው ቅንጅት ብሎ የሚቆጥረው ነገር ነው። ጥምር ነጥቡ ከፍ ያለ አንድ ሰው ሜዳ ላይ ሲኖር ምጣኔው ከመቶ በጥቂት ነጥብ ወደ እናንተ ያጋድላል። ሁለተኛው ሰው ሲጨመር ደግሞ ጥቂት። ሦስተኛው ግን ምንም አይጨምርም ማለት ይቻላል። ተጋጣሚያችሁም የራሱ ሰዎች ስላሉት የሚሠራው የሁለታችሁ ልዩነት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ከቡድኑ አምስት ሰዎች መካከል ማን ያዘው? የጥምር ነጥቡ ትልቅ ሥራ ያለው እዚህ ነው። መከላከል ላይ ሲሆን የእያንዳንዱ ሰው ጥምር ነጥብ ሦስት ጊዜ በራሱ ይባዛል፣ ማጥቃት ላይ አምስት ጊዜ፤ ዕድሉ በዚያ መጠን ይከፋፈላል። ስለዚህ ትንሽ የነጥብ ልዩነት ትልቅ የድርሻ ልዩነት ይሆናል።

በቁጥር እንየው። አምስቱ ሰዎቻችሁ ጥምር ነጥባቸው 70፣ 55፣ 50፣ 40 እና 35 ነው እንበል። መከላከል ላይ የ70ው ሰው ድርሻ ከመቶ 45 ገደማ ነው። ቡድኑ በጨዋታ 32 የመከላከል ሪባውንድ (ተጋጣሚ የሳተውን) ካገኘ፣ ሰውየው ሙሉውን ጊዜ ቢሰለፍ ከ14 በላይ ይወስዳል። ልጁ የደነቀው ይህን ቁጥር ነው። አሁን 55ቱን ሸጦ ሌላ 70 ያመጣል። ሁለቱ 70ዎች እያንዳንዳቸው ወደ 37 ከመቶ ይወርዳሉ፤ 12 ገደማ ይሆናሉ። የመጀመሪያው ኮከብ ሁለት ሪባውንድ አጣ፤ 50፣ 40 እና 35 የሆኑትም ከነበራቸው ላይ ተቀነሰባቸው። የቡድኑ 32 ግን 33 ቢሆን ነው። አዲሱ ሰው ያመጣው ሪባውንድ በአብዛኛው ከወንድሞቹ እጅ የነጠቀው ነው።

ሦስተኛውን ሲጨምር ደግሞ የቡድኑ ድርሻ ከሞላ ጎደል ባለበት ይቆማል፤ የሸጠው ተኳሽ ግን ይጎድላል። ተኳሹ ሲጎድል ኳስ ይስታል፤ ሲስት የማጥቃት ሪባውንድ (ራሳችሁ የሳታችሁትን መልሶ የመያዝ) ዕድል ይጨምራልና ሰንጠረዡ ላይ የማጥቃት ሪባውንዱ ከፍ ይላል። ልጁ ያንን ዓምድ አይቶ «አየህ ጋሼ፣ ጨመረ!» ይለኛል። ጨመረ፤ ስለሳታችሁ ነው። ኳስ ባትስቱ ኖሮ ሪባውንዱም ባላስፈለገ።

እንግዲህ ሪባውንድ የሚለው ነጥብ በዋናነት የሚመልሰው «ከእኛ መካከል ማን?» የሚለውን ነው። «እኛ ወይስ እነሱ?» ለሚለው የሚሰጠው መልስ ትንሽ ነው። አንድ እውነተኛ ሰብሳቢ ያዙ፤ ቢገኝ በርካሽ ሁለተኛ ጨምሩ፤ የቀረውን ገንዘብ ለፍጥነት፣ ለማስተዋልና ለሦስት ነጥብ አውሉት። አጠቃላይ ደረጃውንም ስታዩ ቁመትና ፍጥነት ከሪባውንድ ነጥብ እጅግ የበለጠ ይመዝናሉ። ጨዋታው ራሱ እየነገራችሁ ነው።

የጨዋታ አማካይን እንደ ችሎታ ማንበብ

ከላይ ያለውን የተረዳ ሰው ይህን ራሱ ይደርስበታል። 11 ሪባውንድ የሚያመጣ ሰው ደካማ ሰብሳቢዎች መካከል ተሰልፎ ሊሆን ይችላል፤ 7 የሚያመጣው ደግሞ ከሌላ ጠንካራ ሰው ጋር እየተሻማ። ስትገዙት የሚመጣው ነጥቡ ነው፤ አማካዩ እዚያው ከድሮ ጓደኞቹ ጋር ይቀራል። ደቂቃውን እዩ፤ ከዚያ ከሳቱት ኳሶች ውስጥ ከመቶ ስንቱን እንደወሰደ የሚያሳየውን ዓምድ እዩ።

ዘመን ማወዳደር ደግሞ የባሰ ነው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ባሉት እውነተኛ ተጫዋቾች ሊግ መክፈት ያስችላል። አንድ ልጅ የ1960ዎቹን ከፈተና ዊልት ቼምበርሌን በጨዋታ ከ20 በላይ ሪባውንድ ሲያመጣ አይቶ ጨዋታው ተበላሽቷል አለ። አልተበላሸም። ዊልት እውነትም በ1960-61 በአማካይ 27.2 ሪባውንድ ነበረው፤ ኅዳር 24 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ከቦስተን ሴልቲክስ ጋር ብቻውን 55 ወስዷል። ሰውየው ድንቅ ነበር፤ ነገር ግን ዘመኑም ሩጫ የበዛበት፣ ከ10 ሙከራ 4 ያህሉ ብቻ የሚገባበት ዘመን ነበር። የሚስት ኳስ ሲበዛ የሚሰበሰበውም ይበዛል። ያንን 27 ዛሬ ካለ ተጫዋች 12 ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ መሟገት ትርጉም የለውም።

የሚጫወትበትን ቦታ ስያሜ ማመን

ሴንተር (ከቅርጫቱ ሥር የሚሰለፍ ረጅም ሰው) ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ሪባውንድ አይመጣም፤ ስያሜው በሪባውንድ ስሌቱ ውስጥ የለም።

የደከመን ሰው ሜዳ ላይ ማቆየት

ጽናት የሚለው ነጥብ ከስድስቱ ውስጥ ስለሌለ ልጆቹ ይንቁታል። ነገር ግን ተጫዋቹ ሲደክም ጥምር ነጥቡ በድካሙ መጠን ይቀነሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሦስት ጊዜ የሚባዛው። ድካሙ ከነጥቡ አምስተኛውን ቢወስድበት በሽሚያው ውስጥ ያለው ክብደት ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ 0.8 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 0.51 ነውና። ማጥቃት ላይማ፣ አምስት ጊዜ ሲባዛ፣ ከሦስት አንድ ያህል ብቻ ይተርፋል። ኮከባችሁን ለሪባውንድ ብላችሁ የመሰለፊያ ጊዜውን ወደ ላይ ገፍታችሁ ስትተዉት የምትከፍሉት ዋጋ ይህ ነው፤ የተቀመጠው ሁለተኛ ሰው ትኩስ ሆኖ ቢገባ ይሻል ነበር።

ሽማግሌውን ቶሎ መሸጥ

እዚህ ላይ ብዙ ርኅራኄ የለኝም፤ እኔ ራሴ ከሌሎቹ ቡድኖች የምሸምተው በዚህ ስህተት ነውና። ተጫዋች 30 ሲያልፍ በመጀመሪያ የሚከዱት ፍጥነትና ዝላይ ናቸው። አጠቃላይ ደረጃው ይወርዳል፤ ቀዩ ቁጥር ይታያል፤ ልጁ ይደነግጥና በርካሽ ይሰጠዋል። ለሪባውንድ ግን ፍጥነት ከነጭራሹ አይቆጠርም፤ ዝላይም 0.1 ነው። ቁመት አያረጅም። ሪባውንድ የሚለው ነጥብና ማስተዋሎቹም ከእግር ይልቅ ይቆያሉ። ስለዚህ 33 ዓመት የሞላው ረጅም ሰው በአጠቃላይ ደረጃው ወድቆም በሪባውንድ ከአራት ዓመት በፊት ከነበረው ብዙም አይርቅም። ለአንድ ዓመት ውል፣ በአነስተኛ ደመወዝ፣ ከወንበር ተነስቶ 15 ደቂቃ እንዲጫወት ከዚህ የሚሻል ሰው አላውቅም። አራት ዓመት ውል ከሰጣችሁት ግን በእኔ አታመካኙ።

የወጣቶችን ቁጥር እንደተጻፈ መቀበል

ለምርጫ የሚቀርቡ ወጣቶች ነጥብ ላይ ጭጋግ አለ፤ የምታዩት ቁጥርና እውነተኛው ቁጥር ይለያያሉ፤ የልዩነቱ መጠንም ለምልመላ በመደባችሁት በጀት ይወሰናል። ቁመት ግን ጭጋግ የለበትም። ስለዚህ ቁመቱ 70፣ ሪባውንዱ 55 የሚል ወጣትና ቁመቱ 55፣ ሪባውንዱ 70 የሚል ወጣት በወረቀት አንድ ቢመስሉም፣ የመጀመሪያው ነጥብ በአብዛኛው ያለው ልታምኑት በምትችሉት ዓምድ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ ቁመት የሌለው ልጅ ቁመት ያበቅላል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም፤ ሪባውንድ ግን በ19 ዓመት ካለበት ከፍ ሊል ይችላል። እኔ ረጅሙን እወስዳለሁ።

ኮምፒውተሩን ይዞ ሜዳ መውጣት

ከሱቄ ጀርባ፣ በሁለት ሕንፃዎች መካከል፣ በአካባቢው ብየዳ ቤት የተሠራ መረብ የሌለው የቅርጫት ቀለበት አለ። ቀለበቱ ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል ስላለ ከቀኝ የተወረወረ ኳስ ሲስት ሁልጊዜ ወደ ልብስ ማስጫው ገመድ ይነጥራል። ይህን የሚያውቅ አንድ አጭር ልጅ አለ። ኳሱ ከእጅ ሳይወጣ በፊት ገመዱ አጠገብ ይደርሳል፤ ረጃጅሞቹ ወደ ላይ ሲያንጋጥጡ እርሱ ኳሱን ይዞ ሄዷል። ሊጉ ላይ ተሸንፎ የወጣ አንድ ጎረምሳ ግን «አንተ ቁመትህ ለሪባውንድ አይሆንም፤ ኮምፒውተሩ ብሏል» ሲለው ሰማሁት። ተቆጣሁ።

ጨዋታው ኳሱ ወዴት እንደሚነጥር አያውቅም። ከሩቅ የተተኮሰ ኳስ ሲስት ብዙ ጊዜ ራቅ ብሎ እንደሚወድቅ አያውቅም። ተጋጣሚን በጀርባ ይዞ ከቅርጫቱ ማራቅ የሚባለውን ጥበብ የሚለካ ነጥብም የለውም። እውነተኛው ሜዳ ላይ ግን ይህ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016-17 ራስል ዌስትብሩክ በኦክላሆማ ሲቲ 10.7 ሪባውንድ በጨዋታ ሲያመጣ፣ የቡድን ጓደኛው ስቲቨን አዳምስ የተጋጣሚን ረጅም ሰው በጀርባው ይዞ ኳሱን ለዌስትብሩክ ይለቅለት ነበር፤ ዌስትብሩክ ኳሱን ከያዘ ወዲያውኑ ይሮጣልና። ሰንጠረዡ ላይ ሪባውንዱ የዌስትብሩክ ነው። በባስኬትቦል ጂ ኤም አዳምስን ፈልጋችሁ አታገኙትም፤ ቁመቱንና የሪባውንድ ነጥቡን እንጂ ጀርባውን የሚጽፍ ዓምድ የለም። በኮምፒውተሩ የተማራችሁትን ኮምፒውተሩ ላይ ተዉት። ሜዳ ላይ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጋችሁ ሰው ያዙ።

ሳይፈትኑ መሟገት፣ ፋይል ሳያስቀምጡ መፈተን

ሁለት ልጆች አንድ ተጫዋች ለሪባውንድ ይጠቅማል አይጠቅምም ብለው መብራት እስኪጠፋ ሲከራከሩ ከማየት የሚያሰለቸኝ ነገር የለም። ፈትኑት። የሊጉን ፋይል አውጡና ቅጂ ያዙ፤ አንድ የውድድር ዘመን አጫውቱ፤ ከዚያ ቅጂውን መልሳችሁ ክፈቱ፣ አንዱን ሰው ብቻ ቀይሩ፣ እንደገና አጫውቱ።

ቅጂውን ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ጨዋታው ሊጉን የሚያከማቸው በዚያው ኮምፒውተር ብራውዘር ውስጥ ነው። የሰፈራችን አንድ ልጅ በሌላ ኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ላይ 12 የውድድር ዘመን የገነባውን ቡድን፣ የቤቱ ሠራተኛ ማታ የብራውዘሩን ማኅደር ሲያጸዳ አጥቶታል። ሠራተኛው ያደረገው በየቀኑ የሚያደርገውን ነው። ልጁ ሁለት ሳምንት ወደ እኔም አልመጣም።

ስትፈትኑ የተጫዋቹን አማካይ አትዩ፤ እርሱ ከላይ እንዳልኩት ከወንድሞቹ የወሰደውን ነው የሚያሳያችሁ። የቡድናችሁን የመከላከል ሪባውንድ ውሰዱ፣ በእርሱና በተጋጣሚዎቻችሁ የማጥቃት ሪባውንድ ድምር አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር ከ75 ከመቶ ብዙም አይርቅም። አንድ የውድድር ዘመን 82 ጨዋታ ስለሆነ የሚቆጠረው ሪባውንድ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ገደማ ነው፤ በዚህ ልክ የአንድ ነጥብ ልዩነት የዕድል ሥራ ሊሆን ይችላል። 74.8 ወደ 75.6 ስለወጣ ማንም ሱቄ ውስጥ እንዳይጨፍር። ሦስትና አራት ዘመን አጫውታችሁ ልዩነቱ ሁለት ነጥብ ላይ ከጸና ያን ጊዜ ኑና አሳዩኝ፤ ሻዩን እኔ እከፍላለሁ። እስካሁን የተከፈለው ለአንዲት ልጅ ብቻ ነው። እርሷም የቀየረችው ሁለት የ33 ዓመት ሰዎችን አምጥታ፣ ሦስት ዘላዮችን አሰናብታ ነበር።